ወላድ በድባብ ትሂድ፤ የትኛዋ ወላድ?

(ባለፈው እሑድ አዲስ አበባ ውስጥ በተደረገው የወረዳችን ተወላጆች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልመጡ ሰዎች ስለጠየቁኝ ከድምፅ ቅጂው ላይ ገልብጬዋለሁ። ከመንገድ የወጣሁበት ቦታ አለ፤ አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ።

በመጀመሪያ ሊቀመንበራችንን ላመስግን። «ልጄ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው ያለሽ» ብለውኛል። ጋሼ፣ እኔ እኮ አዋላጅ ነኝ። በቀጠሮው ሰዓት የሚመጣ ነገር አይቼ አላውቅም። (ሳቅ)

ለማታውቁኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አዋልጃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ዓመታት እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ ከቆላው አፋፍ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ። የቀረውን እዚህ አዲስ አበባ። ሁለቱንም አልጋ አውቀዋለሁ ማለት ነው።

ዛሬ የተሰበሰብነው ለወረዳችን አምቡላንስ ለመግዛት ነው። ጥሩ ነው። እኔ ግን የመጣሁት ይህን ነገር ትንሽ ልበጠብጠው ነው። አትቆጡኝ፤ መጀመሪያ ስሙኝ።

«ወላድ በድባብ ትሂድ» እንላለን። ልጅ ሲመረቅ እንላለን። ሯጭ አንደኛ ሲወጣ እንላለን። ድባብ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋው ነው። የድሮ ነገሥታት ከሥሩ ይሄዱ ነበር። እኛ ደግሞ እናትን እዚያ ሥር አስገባናት። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ? የለም። የኔ ጥያቄ አንድ ነው። የትኛዋ ወላድ?

እስቲ ቁጥር ልጥራ። ቁጥር የማትወዱ ትንሽ ታገሡኝ። በ1992 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 412 ሆነ። ጤና ተቋም የምትወልደው ያኔ ከመቶ 5 ነበረች። በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሰች። ይህ ቀልድ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ጤና ኤክስቴንሽን ሆነው በየቀበሌው የወጡት ልጆች ያመጡት ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ጤና ኬላ፣ አምስት ሺህ ለሚሆን ሕዝብ፣ በእግራቸው። እነሱን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። እስቲ አጨብጭቡላቸው። (ጭብጨባ)

ግን ይህ ሁሉ አማካይ ነው። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ «አማካይ» የምትባል ሴት አዋልጄ አላውቅም። ወይ የቦሌዋ ትመጣለች፣ ወይ የቆላዋ ትመጣለች። አማካይ መጥታ አታውቅም።

የ2008ቱን ጥናት ዘርዘር አድርጉት። አዲስ አበባ ውስጥ ከመቶ ወሊድ 97ቱ ጤና ተቋም ነው። አፋር 15። ከተማ 79፣ ገጠር 20። የአገሪቱን ቤተሰቦች በሀብት አምስት ቦታ ክፈሏቸው። ከላይኞቹ ከመቶ 70 ጤና ተቋም ተወለደ። ከታችኞቹ 11። አንድ አገር ነን፤ ባንዲራችንም አንድ ነው። በምጥ ቀን ግን አንድ አይደለንም። በ2011 ዓ.ም. ከተማው 70፣ ገጠሩ 40 ሆኗል። ልዩነቱ ጠቧል። አልጠፋም።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ርቀት። ሁለተኛ ድህነት፤ ድህነት ስል ብር ብቻ አይደለም። ሦስተኛ እኛ፣ ነጭ ጋዋን የለበስነው።

አንደኛው። ርቀት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለብዙ ሰው አልተናገርኩትም። ለእናቴ እንኳን ግማሹን ነው የነገርኳት።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አይሆነውም። አንዲት ልጅ መጣች። የበኩር እርግዝናዋ ነው። «ዕድሜሽ ስንት ነው?» አልኳት። «አሥራ ስምንት» አለች። አላመንኳትም፤ ግን ጻፍኩት። አማቷ አብረዋት አሉ። አስተኝቼ አየኋት። የማህፀኗ አፍ ገና ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው የተከፈተው። «የኔ እናት፣ ገና ነሽ። ቤትሽ ሂጂና ሲጠናብሽ ነይ» አልኳት።

ልክ ነበርኩ? በተማርኩት ትምህርት ልክ ነበርኩ። የዚያኑ ቀን ጠዋት ለአንዲት የከተማ ሴት ያንኑ ቃል ብያት ነበር። ቤቷ ከገበያው ጀርባ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሄደች፣ ትኩስ ነገር ጠጣች፣ እናቷ ወገቧን አሹላት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሳ መጥታ ወንድ ልጅ ወለደች። ሰባት ጊዜ እልል ተባለ።

ሁለቱን እኩል ነው ያስተናገድኳቸው። ልብ በሉ። ቃል በቃል እኩል።

የዚያች ልጅ ቤት ግን የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ። እኔ «ቤትሽ የት ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም። አማቷ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። የሆነ ነገር ሊሉ ነበር። አላሉም። የእኛ አገር ሰው ነጭ ለለበሰ መልስ አይሰጥም። «እሺ ሲስተር» ብለው ነጠላቸውን አጣፉና ይዘዋት ወጡ።

በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ አመጧት። ስምንት ወንዶች ናቸው፤ አራት አራት እየሆኑ ሲፈራረቁ ነው ያደሩት። አንደኛው እግሩ ደምቷል፤ ጫማ የለውም። ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞቷል። ማህፀኗ ተተርትሯል። ሪፈር ጻፍን። መኪና ተለምኖ ሆስፒታል ደረሰች። ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማህፀኗ ግን ወጥቷል። በአሥራ ስምንት ዓመቷ። ያውም አሥራ ስምንት ከሆነች።

አማቷ ሲወጡ አመሰገኑኝ። «እግዜር ይስጥሽ ሲስተር» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «ምጥሽ መቼ ጀመረ?» ከማለቴ በፊት «ቤትሽ የት ነው?» እላለሁ። ተማሪዎች ሲሰጡኝም መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህንን ነው።

(ዝምታ። አንዲት እናት «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።) እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ልቀጥል።

በእኛ ሙያ ሦስቱ መዘግየቶች የሚባል ትምህርት አለ። ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ደርሶም እርዳታ ለማግኘት መዘግየት። እኔ ያችን ልጅ ደርሳ ነው የመለስኳት። ሦስተኛውን ሠርቼ ሁለተኛውን ጨመርኩላት።

አሁን ወደ አምቡላንሱ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ምን ያህል ጊዜ ይሰጣል መሰላችሁ? ጤነኛ ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ወረዳችን አምቡላንስ አላት እኮ። መንግሥት ለየወረዳው ሲያድል ደርሷታል። እኔ እዚያ እያለሁ ግን መንገዱ የሚያልቀው አፋፉ ላይ ነበር። ከዚያ በታች ያለው የበቅሎ መንገድ ነው። አምቡላንሱ አፋፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቃሬዛው ከታች ይወጣል። ነዳጅ የሌለበት ቀን አለ። ጎማ የፈነዳበት ወር አለ። ስልክ የማይሠራበት ሸለቆ አለ። ሁለተኛ አምቡላንስ ብትገዙ ምን ይሆናል? ሁለት አምቡላንስ አፋፉ ላይ ይቆማል።

ጦርነቱን ደግሞ አትርሱ። በ2013 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች ትግራይ ውስጥ 106 የጤና ተቋማትን ዞረው አይተው ነበር። እንደ ወትሮው እየሠሩ ያገኟቸው ከመቶ 13 ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በእኛም ክልል መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን እዚህ የተቀመጥን ሁሉ እናውቃለን። ምጥ ተኩስ እስኪቆም አይጠብቅም። በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ቤተሰቦቻችን እዚያ ናቸው።

ሁለተኛው። ድህነት።

«አገልግሎቱ ነፃ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነፃ ነው። በመንግሥት ተቋም ለክትትልም ለመውለድም መክፈል የለባትም። ግን ነፃው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያው በር ነው። ከቤቷ እስከ በሩ ያለው ነፃ አይደለም። ቃሬዛ የተሸከሙት ወንዶች ይበላሉ። ትልቁ ሆስፒታል ከተማ ነው፤ አስታማሚ የት ያድራል? የጠፋ መድኃኒት ከውጭ ይገዛል። በጉ ይሸጣል። ባልየው በጉን ነው ወይስ ሚስቱን የሚያስቀድመው ብላችሁ እንዳትፈርዱበት። በጉ የሌሎቹ ልጆች የክረምት እህል ነው።

ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ልጅ ዳሌ ላይ ተጣብቆ የሚቀርባት ሴት ችግሯ የሚጀምረው በምጥ ቀን አይደለም። በአምስት ዓመቷ ነው የሚጀምረው። ቤት ውስጥ ማን ቀድሞ ይበላል? አባት። ከዚያ ወንዶቹ። እናትና ሴት ልጅ የተረፈውን። በልጅነቷ ያልጠገበች ልጅ ትቀነጭራለች። አጥንቷ ሳይጠና ትዳራለች። ከዚያ ሁለት ቀን ታምጣለች። ከዚያ እኛ «ለምን ዘግይተሽ መጣሽ?» እንላታለን። የዘገየችው እኮ አሥር ዓመት በፊት ነው!

አክስቴ እንደዚህ ነበረች። የአባቴ ታላቅ እህት። ልጅ ሆኜ ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለች ጎጆ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ሰርግ አትሄድም፣ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። «ለምን?» ስል «ታማ ነው» ይሉኛል። ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም ነበር። ፌስቱላ የሚባል፣ ከተራዘመ ምጥ የሚመጣ ጉዳት እንደሆነ ያወቅሁት የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ስገባ ነው። ክፍል ውስጥ መምህራችን ሲያስረዱ እኔ አለቀስኩ። አዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ። በነፃ ያክማል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ያቋቋሙት ነው። ማሚቱ ጋሼን ታውቋታላችሁ? ራሷ ታካሚ ሆና መጥታ፣ መደበኛ ትምህርት ቤት ሳትገባ ቀዶ ሕክምናውን ተምራ ስንት ሴት አድናለች። ይህ ሁሉ ሲሆን አክስቴ አውቶብስ ቢገኝ በአንድ ቀን የሚደረስበት አገር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎጆዋ ውስጥ ተቀመጠች። ማን ይንገራት? ሬዲዮ የለ፣ ፊደል የለ። እኔ ነኝ ይዣት የመጣሁት። ታክማ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ምን መሰላችሁ? ማኅበር ጠጣች። ሰው መሐል ቁጭ ብላ ጠላ ጠጣች። በቃ።

እዚህ አዲስ አበባስ? 97 ከመቶ ብያችኋለሁ። ደስ አይበላችሁ። የቤት ሠራተኞቻችሁን አስቧቸው። ስምንት ወሯ ድረስ መቀነት አጥብቃ ደብቃ፣ አንድም ቀን ክትትል ሳታደርግ፣ ምጥ ሲይዛት ባጃጅ አሳፍረው በር ላይ ጥለዋት የሚሄዱ አሉ። መታወቂያ የላትም፣ ስልክ የሚያነሳላት ዘመድ የላትም። «ባለቤትሽስ?» ሲሏት ታቀረቅራለች። ያረገዘችው በማን እንደሆነ አንዳንድ ጊዜ ሁላችንም እንገምታለን። አንናገርም።

ሕጉ በ1997 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ተደፍራ የፀነሰች ሴት ፅንሱን በጤና ተቋም ማቋረጥ ትችላለች። ማስረጃ አምጪ አትባልም፤ ቃሏ ይበቃል። ፊታችሁን ያጨፈገጋችሁ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። ሃይማኖታችሁን አከብራለሁ፤ የኔም ነው። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ይህን ሕግ የምታውቀው የተማረችው ናት። ያልተማረችው ሰፈር ውስጥ ወዳለ ሰው ትሄድና በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይዟት እኛ ጋ ትመጣለች። ሕጉ አንድ ነው፤ የሚደርሰው ግን ለአንዷ ነው።

ስለ ኦፕራሲዮንም አንድ ቃል። በዚያው በ2008ቱ ጥናት አዲስ አበባ ከመቶ ወሊድ 21ዱ በኦፕራሲዮን ነው። ሶማሌ ክልል አንድ እንኳን አይሞላም። እዚህ ቀን ተመርጦ፣ ለልደቱ የሚመች ቀን ተቆርጦ ሆድ ይከፈታል። እዚያ ሆድ መከፈት ያለባት ሴት የሚከፍትላት ጠፍቶ ትሞታለች። አንዱ ጋ ይፈሳል፣ አንዱ ጋ ጠብ አይልም።

ሦስተኛው። እኛ።

ይሄን በአጭሩ እለዋለሁ፤ አፍሬም ነው። ሴቶቻችን ከእኛ ይልቅ የልምድ አዋላጇን የሚመርጡት መሃይም ስለሆኑ አይደለም። እማማ እንትና ማርያም ማርያም እያሉ ወገቧን ያሿታል። ተንበርክካ መውለድ ብትፈልግ ያንበረክኳታል። እኛ ጋ በጀርባዋ ጠፍጣፋ አልጋ ላይ ትሰቀላለች። ገላዋ ተገልጦ ሦስት ተማሪ ያያታል። ስትጮህ ቁጣ አለ። ደህና ልብስ ለብሳ ለመጣችዋ ግን ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። እኔም አድርጌዋለሁ። እስቲ እዚህ ያላችሁ እናቶች፣ ስትወልዱ የተሰደባችሁ እጃችሁን አውጡ። ... አያችሁ? ቆጥሬ አልጨርሰውም። ገንፎና ቡና በጤና ጣቢያ ውስጥ ሲፈቀድ፣ ቤተሰብ እንዲገባ ሲደረግ፣ ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። ገንፎ ነው እንግዲህ። የሚጠይቀው ዱቄትና ቅቤ ነው።

እንግዲህ ልበጠብጥ ያልኩት እዚህ ላይ ነው።

ወልቂጤ አካባቢ አጣጥ የሚባል ሆስፒታል አለ። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእናቶች ማቆያ አለው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቤቷ ሩቅ የሆነ፣ አስጊ ነገር ያለባት ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ መጥታ ግቢው ውስጥ ትቀመጣለች። ምጥ ሲመጣ መንገዱን ጨርሳዋለች። የሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ተጠንቶ ታትሟል። ማቆያው ገብተው ከወለዱት ሲሰላ በ100,000 ወደ 90 የእናት ሞት ነው። በማቆያው ሳያልፉ ከመጡት ከ1,300 በላይ። ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው አልልም። ያልቆዩት ብዙዎቹ ነገሩ ከከፋ በኋላ የመጡ ናቸው። ግን እኮ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ሳይከፋ ይምጡ!

የኛ ወረዳስ? ማቆያ አለን። ባለፈው ክረምት ሄጄ አይቼዋለሁ። አንዲት ክፍል፣ አራት አልጋ፣ ሁለት ፍራሽ። ማብሰያ የለም። እንጨት የለም። የገቡት ሴቶች በሦስተኛው ቀን ስንቃቸው ያልቅና ይሄዳሉ። አንዷን «ለምን ትሄጃለሽ?» አልኳት። «እርቦኝ» አለችኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላ ጥናት አያስፈልገውም።

ሌላዋ ደግሞ «ቤት ያሉትን ልጆች ማን ያይልኛል?» አለች። ለዚህ መልስ የለኝም። እድሩ ያስብበት። ለሠርግና ለቀብር ድንኳን የሚተክል እድር ሁለት ሳምንት ልጅ መያዝ አያቅተውም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የአምቡላንሱን ገንዘብ አትመልሱ፤ አዙሩት። ማድ ቤት ይሠራ። ምድጃ ይግባ። አሥር አልጋ፣ አሥር ፍራሽ፣ አሥር ብርድ ልብስ። በወር ሁለት ኩንታል ዱቄት፣ ምስር፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ ቡናም። ቡና ቅንጦት ነው የሚል ካለ እሱ ራሱ ዛሬ ጠዋት ሳይጠጣ መጥቶ ከሆነ ይናገር። (ሳቅ) ደሞዝ የሚከፈለው ጠባቂና የምታበስል አንዲት ሴት ያስፈልጋሉ። ለጤና ኬላዎቹ ልጆች ደግሞ የስልክ ካርድ፤ ቀኗ የቀረበውን እየደወሉ እንዲያስመጡ።

ሊቀመንበራችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ገባኝ ጋሼ።

በር ላይ አረንጓዴ ነጠላ የለበሰችው ልጅ ደብተር ይዛለች። ብር የምትሰጡ ብር ጻፉ። እህል የምትሰጡ እህል ጻፉ። አናጢ፣ ግንበኛ የሆናችሁ ስንት ቀን እንደምትሠሩ ጻፉ። ፍራሾቹን እኔ ጽፌያለሁ፤ አሥሩንም።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። እማማ፣ ከእርስዎ ልጀምር።